ከጎርፉ ቀድሞ የሚደርስ ቃል

በሐምሌና በነሐሴ ወራት አዘዞ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ለተመለከተ ሰው የጎንደር ተራሮች በጥቁር ደመና ተሸፍነው ማየት የዘወትር ነገር ነው። ዝናቡ እዚያ ላይ ይወርዳል፤ አንገረብና ቀሃ ሌሎችም ጅረቶች ይሞላሉ፤ ውሃው በመገጭ ወንዝ ተሰባስቦ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደምቢያ ሜዳ፣ ብሎም ወደ ጣና ሐይቅ ይገሰግሳል። በዚያው ሰዓት ደምቢያ ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ከብቱን ወንዝ ዳር አሰማርቶ፣ እናት ልብሷን አጥባ አስጥታ፣ ልጆች አሸዋው ላይ ይጫወቱ ይሆናል። ደራሽ ውሃ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሰውን የሚወስደው ራሱ ላይ የዘነበው ዝናብ ሳይሆን፣ ሌላ ሰው አገር ላይ ሲዘንብ የዋለው ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ጎርፉ ከላይ ታይቷል፤ ታች ግን አልተሰማም። ላይኛው አገር ያለው ሰው ወንዙ ሲሞላ እያየ ነው፤ ታችኛው አገር ያለው ሰው ግን የሚያውቀው ውሃው ደጁ ሲደርስ ነው። በሁለቱ መካከል የጎደለው ነገር ግድብ ብቻ አይደለም፤ ቃልም ጎድሏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ቃል በሁለት ትንንሽ ባትሪ ከተራራ ወደ ሜዳ ሊያደርስ ስለሚችል የራዲዮ ዘዴ ለቤተሰብና ለወጣቶች በቀላሉ ማስረዳት ነው።

የ1998 ክረምት

አገራችን የማስጠንቀቂያን ዋጋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በመራራ መንገድ ተምራለች። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሌሊት፣ ከድሬዳዋ ከተማ በላይ ባሉት ደጋማ ቦታዎች የጣለው ከባድ ዝናብ በደቻቱ ወንዝ በኩል ወረደ። ደቻቱ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በዚያች ሌሊት ግን ውሃው የመጣው ሕዝቡ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ነበር። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። ከሳምንት ገደማ በኋላ የኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ሞልቶ ከ360 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያው ክረምት በእኛም አካባቢ ርብና ጉማራ ወንዞች ከአልጋቸው ወጥተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቁ፤ ደምቢያም አልቀረላትም፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው ተፈናቀለ።

ከዚያ ወዲህ ያልተሠራ ሥራ የለም ለማለት አይቻልም፤ ምንም አልተሠራም ማለትም አግባብ አይደለም። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ጽሕፈት ቤት በክረምት ወራት የጣና አካባቢን ጭምር የሚመለከት የጎርፍ ትንበያ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ትንበያው ከሳተላይት በሚገኝ የዝናብ ግምትና በኮምፒዩተር ስሌት የሚሠራ ነው። ይሁን እንጂ ሰፊ አገርን የሚመለከት ትንበያ «ነገና ከነገ ወዲያ ያሰጋል» ይላል እንጂ፣ «አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ መገጭ በዚህን ያህል ክንድ ከፍ ብሏል» አይልም። ይህን ሊናገር የሚችለው ወንዙ ዳር የቆመ ብቻ ነው።

ውሃን መለካት የቆየ ጥበብ ነው

ወንዝ ዳር ቆሞ ውሃን መለካት አዲስ ነገር አይደለም። በሙስሊሞች ታሪክ ውስጥ ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ በካይሮ፣ ሮዳ በምትባለው ደሴት ላይ የሚገኘው ሚቅያስ ነው። ይህ የዓባይ ውሃ መለኪያ በ247 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ861) በዓባሲያው ኸሊፋ በአል ሙተወኪል ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ ሥራው ከታላቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ ከአል ፈርጋኒ ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል። ከወንዙ ጋር በዋሻ የተገናኘ ጥልቅ ጉድጓድ መካከል በክንድ የተከፋፈለ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። ውሃው ሲጨምር በዓምዱ ላይ ይነበባል። በጎርፉ ወራትም ለዋጮች በካይሮ መንገዶች እየዞሩ ዓባይ ስንት እንደጨመረ ለሕዝቡ ያሳውቁ ነበር።

ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ሚቅያስ ይለካው የነበረው የክረምት ሙላት አብዛኛው ከእኛ ተራሮች የወረደ ውሃ ነበር። ሁለተኛ፣ ካይሮዎች ለክተው ብቻ አልተቀመጡም፤ ለዋጭ አቆሙ። ልኬትና ጥሪ የማይነጣጠሉ ናቸው። ያልተነገረ ልኬት መዝገብ ያደምቃል እንጂ ሰው አያድንም።

ወደ ቀያችን እንመለስ። በአገራችን የወንዞች መዝገብ ውስጥ «መገጭ፣ አዘዞ አጠገብ» ተብሎ የሚታወቅ የመለኪያ ጣቢያ አለ። ከጣቢያው በላይ ያለው፣ ዝናቡን ወደዚህ ነጥብ የሚልከው መሬት 462 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በኢትዮጵያ በብዙ እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች ውሃ ውስጥ የቆመ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ይኖራል፤ የአካባቢው ነዋሪ የሆነ አንባቢ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፣ ቁጥሩን አንብቦ በመዝገብ ያሰፍራል። ይህ ሥራ ክቡር ነው። ድልድይ የሚሠሩትም ግድብ የሚነድፉትም በዚህ መዝገብ ነው የሚጠቀሙት። ነገር ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሞልቶ ሌሊት 10 ሰዓት የጎደለ ደራሽ ውሃ በሁለቱ ንባቦች መካከል ሾልኮ ያልፋል። በማግስቱ አንባቢው የሚያገኘው በሣሩ ላይ የቀረውን ጭቃ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው።

በሹክሹክታ ሩቅ መድረስ

ለመሆኑ ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ ጠባቂ ከየት ይገኛል? ጠባቂው ሴንሰር የሚባል መሣሪያ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ከድልድይ ሥር ተሰቅሎ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ውሃው ይለቃል፤ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ተማሪዎች ሊያሰሉት ይችላሉ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ ለመመለስ የሰከንድ 20 ሚሊ (የሺህ 20) ከፈጀበት፣ ደርሶ መልሱ 6 ሜትር ከ80፣ ወደ ታች ያለው ርቀት ደግሞ የዚህ ግማሽ፣ 3 ሜትር ከ40 ይሆናል። መሣሪያው ከወንዙ ወለል 5 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ ከሆነ የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር ከ60 ነው ማለት ነው።

መለካቱ ቀላል ነው። ችግሩ መናገሩ ነው። በሞባይል ስልክ መስመር እንዳይልክ በየሸለቆው ኔትወርክ የለም፤ ቢኖርም በዶፍ ዝናብ ሌሊት መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚጠፉበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ስልክ ባትሪ ይበላል፤ በየሳምንቱ ወደ ወንዝ ወርዶ ባትሪ የሚሞላ ሰው ማን ነው?

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው ሎራ የሚባለው የራዲዮ ዘዴ ነው። መነሻው በፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ከተማ፣ ሲክሊዮ የተባለ ትንሽ ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሴምቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። የዘዴውን ምስጢር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሙአዚን አዛን ሲያደርግ ቃሉን አያጣድፍም፤ ያረዝመዋል፣ ይስበዋል። በነፋስና በገበያ ጫጫታ መካከል ያለ ሰው በፍጥነት የተነገረ ወሬ አይለይም፤ በዝግታ የተሳበውንና አስቀድሞ የሚያውቀውን ጥሪ ግን ከሩቅ ይለየዋል። በደጋው አገር እረኛ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ሲጣራም እንዲሁ ድምፁን ያስረዝማል።

ሎራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሞገዱ እንደ ፉጨት ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ድምፀት እየተንሸራተተ ይወጣል። ተቀባዩ የፉጨቱን ቅርጽ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ምልክቱ በአካባቢው ካለው የራዲዮ ጫጫታ እስከ 100 እጥፍ ቢያንስ እንኳ ለቅሞ ያወጣዋል። በላኪው ላይ ስድስት የዝግታ እርከኖች አሉ፤ በእያንዳንዱ እርከን ቃሉ ወደ እጥፍ ገደማ ይረዝማል፣ የሚደርስበት ርቀትም ይጨምራል።

በእርግጥ ነጻ ነገር የለም። በመጨረሻው እርከን የሚተላለፈው መልእክት በሰከንድ 300 ቢት እንኳ አይሞላም። ድምፅ አያስተላልፍም፤ ፎቶግራፍ አይልክም። ግን ወንዝ ወሬ የለውም። «ጥልቀት 1 ሜትር ከ60፣ ባትሪ ደህና» ለማለት ይህ ከበቂ በላይ ነው።

የሁለት ባትሪ ሒሳብ

የዚህ ራዲዮ የመላኪያ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ 25 ሚሊ ዋት ያህል ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል ከዚህ 2,400 እጥፍ ይበልጣል። በዚህች ኃይል መካከሉ ግልጥ በሆነ ቦታ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር መድረስ የተለመደ ነው፤ ላኪው ወይም ተቀባዩ ከፍታ ላይ ከሆነ ከዚያም በላይ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በባሉን ወደ ሰማይ የወጣ አንድ ላኪ በ25 ሚሊ ዋት 702 ኪሎ ሜትር ርቆ ተሰምቷል። ይህ በምድር ላይ የሚጠበቅ አይደለም፤ ከፍታ ምን ያህል እንደሚጠቅም ግን ያሳያል።

ባትሪውንስ? እናስላ። መሣሪያው በየ15 ደቂቃው፣ ማለትም በቀን 96 ጊዜ ይነቃል። በዝግተኛው እርከን አንድ መልእክት ለመላክ 1 ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያን ጊዜ 40 ሚሊ አምፒር ይስባል እንበል። ይህ በቀን 1.6 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። ለመለካትና በእንቅልፍ ላይ ሳለ ለሚፈጀው 0.4 ብንጨምር ጠቅላላው 2 ይሆናል። 2,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዙ ሁለት ተከታትለው የተያያዙ የእጅ ባትሪ ድንጋዮች 1,250 ቀን፣ ከሦስት ዓመት በላይ ያቆዩታል ማለት ነው። በተግባር ብርድና የባትሪ ጥራት ይህን ሊቀንሱት ይችላሉ፤ ቢቀንስ እንኳ ሁለት ክረምት ያለ ስጋት ያሳልፋል። መሣሪያው 24 ሰዓት ነቅቶ የሚጠብቅ ይመስለናል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው፤ ጥበቡም እዚህ ላይ ነው።

ማን ሞከረው?

እ.ኤ.አ. በ2015 በሆላንድ፣ አምስተርዳም ከተማ ፈቃደኞች አሥር ያህል መቀበያዎችን በየጣሪያው ሰቅለው ከተማዋን በስድስት ሳምንት አዳረሷት። መጀመሪያ ካሰቡባቸው ጥቅሞች አንዱ በቦዮቹ ላይ የታሰሩ ጀልባዎች ውሃ ሲሞሉ ባለቤቱን ማስጠንቀቅ ነበር። ከእኛ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ግን ጎረቤታችን ኬንያ ነው። በኒዬሪ የሚገኘው የደዳን ኪማቲ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሙሪንጋቶ ወንዝ ላይ የውሃውን ከፍታ በድምፅ የሚለኩ መሣሪያዎች ሰቅለው ልኬቱን በሎራ ሲቀበሉ ቆይተዋል። ደጋ አገር፣ ትንሽ ወንዝ፣ የአገር ልጅ የሠራው መሣሪያ ነው። እዚያ ከተቻለ እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታይም።

መገጭ ላይ ቢሆንስ?

እንግዲህ በዓይነ ሕሊናችን መገጭ ላይ እንትከለው። አንድ መለኪያ በአዘዞ አጠገብ፣ ሌላ ሁለት ደግሞ ከላይ በገባር ጅረቶቹ ላይ ይሰቀላሉ። መቀበያው ወደ ወንዙም ወደ ሜዳውም በሚያይ ጉብታ ላይ ይቆማል። ከአዘዞ እስከ ቆላ ድባ አሞራ እንደሚበረው ወደ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ መካከል ላይ የሚጋርድ ሸንተረር ካለ አንድ አቀባባይ መጨመር ይበቃል። መቀበያው ከሶላር ፓነልና ከመኪና ባትሪ ጋር ከተያያዘ መብራት ቢጠፋም አይሞትም። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም መቀበያው ራሱ ቁጥሩን አይቶ ታች ያለውን ደወል ሊያስጮህ ይችላል።

ጊዜስ ይገኛል? በሰከንድ 2 ሜትር የሚጓዝ ጎርፍ 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። የራዲዮው ቃል ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ልዩነቱ ለቤተሰቡ ነው። በአራት ሰዓት ውስጥ ሕፃናትና አረጋውያን ወደ ከፍታ ይወሰዳሉ፤ ከብት ይነዳል፤ እህል ወደ ቆጥ ይወጣል። የደምቢያ ገበሬ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራ የሚዘራ ነው፤ ጎርፉ ለም አፈርም ያመጣለታል። ስለዚህ ውሃው ፈጽሞ አይምጣ አይልም። ሳይነግረኝ አይምጣ ነው የሚለው።

ሊታወቁ የሚገባቸው ድክመቶች

ቴክኖሎጂን ማሞገስ ቀላል ነው፤ ሐቁን መናገር ግን ይሻላል። የራዲዮ ሞገድ ተራራ አይበሳም፤ በጥልቅ ገደል ውስጥ የተሰቀለ መሣሪያ ቢጮህ የሚሰማው የለም። የድምፅ ፍጥነት በሙቀትና በብርድ ይለዋወጣል፤ መሣሪያው የአየሩን ሙቀት አብሮ ካልለካ ልኬቱ ይዛባል። ጎርፍ ግንድና ድንጋይ ይዞ ይመጣል፤ ሸረሪት እንኳ በመሣሪያው አፍ ላይ ድሯን አድርታ ሐሰተኛ ቁጥር ልታስነብብ ትችላለች። የወንዙ ወለልም በየክረምቱ በደለል ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ የዘንጉ አንባቢ ሥራ አይቀርም፤ መሣሪያውን የሚያርመው እሱ ነው።

መልእክት በመንገድ ሊጠፋም ይችላል። ስለዚህ ደህና በሆነ ቀንም ቢሆን መሣሪያው በየጊዜው «አለሁ» ማለት አለበት። ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ምልክት ነው፤ ወይ ባትሪው አልቋል፣ ወይ ውሃው ወስዶታል። ሁለቱም ሰው መላክን ይጠይቃሉ። በተጨማሪም የራዲዮ ሞገድ የአገር ሀብት ስለሆነ በየትኛው ሞገድ መላክ እንደሚፈቀድ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መጠየቅ ግዴታ ነው። ለዚህም ነው ሥራው ለብቻው የሚሮጥ ግለሰብ ሳይሆን የትምህርት ቤት፣ የዩኒቨርሲቲና የመስተዳድር ኅብረት የሚያስፈልገው።

የመጨረሻዋ አንድ ኪሎ ሜትር

ከሁሉ የከበደው ግን ሽቦና ባትሪ አይደለም። ቃሉ ሃያ ኪሎ ሜትር በአየር ተጉዞ ከደረሰ በኋላ ከደወሉ እስከ ተኛው ሰው ጆሮ ያለችው አንድ ኪሎ ሜትር ናት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ለአንድ ባለሥልጣን ስልክ የሚላክ መልእክት ስልኩ ከተዘጋ እዚያው ይቀራል። ሰው በሌሊት ተነስቶ ቤቱን ጥሎ የሚወጣው የሚያምነው ሰው ሲጣራ ነው።

ይህ ድምፅ በየቀበሌው አለ። የመስጅዱ ድምፅ ማጉያ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አለ፤ የእድሩ ለፋፊ አለ። ጎርፍ የማንንም ሃይማኖት ሳይጠይቅ እንደሚገባ ሁሉ፣ ጥሪውም ለሁሉም የሚሰማ መሆን ይገባዋል። ሙአዚኑ፣ ቄሱና የእድር ዳኛው ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ላይ ተቀምጠው መስማማት ያለባቸው ጥቂት ነገር ነው። ምልክቱ ሲመጣ ማን ይቀበላል? ለአዛን የማይመሳሰል፣ ለለቅሶም የማይመሳሰል ጥሪ የቱ ነው? ሕዝቡ ወደ የትኛው ጉብታ ይውጣ? አቅመ ደካማውን ማን ይሸከም?

ሌላም አደጋ አለ። ሁለት ጊዜ ያለ ነገር የጮኸ ደወል ለሦስተኛው ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ «ተጠንቀቁ» የሚባልበት ከፍታና «ውጡ» የሚባልበት ከፍታ ተለይተው መታወቅ አለባቸው። ይህን ከፍታ ፈረንሳይም አሜሪካም ያለ መሐንዲስ ሊወስንልን አይችልም። በ1998 ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ የሚያውቁት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። በየትኛው ዋርካ ግንድ፣ በየትኛው ቤት ግድግዳ ላይ ምልክቱ እንደቀረ ጠይቋቸው።

ወጣቶች ሆይ! ሥራው መሣሪያው እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልገውም። በዚህ ክረምት ሁለት ሦስት ሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ካለው ድልድይ ምሰሶ ላይ በቀለም ቁጥር ጻፉ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከደህና ቦታ ሆናችሁ አንብቡ፤ ሰዓቱንና ከፍታውን በደብተር አስፍሩ። ውሃው ላይኛው ድልድይ ከደረሰ ስንት ሰዓት ቆይቶ ታችኛው ድልድይ እንደሚደርስ መዝግቡ። የኤሌክትሮኒክስ ዝንባሌ ያላችሁ ደግሞ የሎራ ራዲዮ ዋጋው ጥቂት ዶላር መሆኑን አውቃችሁ፣ ከመምህሮቻችሁና በአቅራቢያችሁ ካለው ዩኒቨርሲቲ ጋር ተማከሩ። ነገ መሣሪያው ሲሰቀል የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሲደርስ ልጩህ?» የሚል ነው። መልሱ በእናንተ ደብተር ላይ ተጽፎ ይገኝ።